ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚደረደር የጭድ ብሎኬት አሠራር

ቆርቆሮ ቀን የፀሐዩን ግለት እንዳለ ወደ ቤት ያወርዳል፤ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዝና ከቤት የወጣው እንፋሎት ከሥሩ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ቺፑድ ኮርኒስ ብቻውን ይህን አያስቀርም። በጭቃ ውሃ ተለውሶ የደረቀ ጭድ ከኮርኒሱ በላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲደረደር ግን ለውጡ በግልጽ ይታወቃል። ሙቀቱን የሚያግደው በአገዳው ውስጥና በአገዳዎቹ መካከል የተያዘው አየር ነው። ጭቃው ጭዱን ያያይዛል፣ ቶሎ እንዳይቀጣጠል ያደርጋል፣ አይጥም እንዳይመቻት ያግዛል፤ ሙቀት በማገድ ግን አይረዳም። ጭቃ በበዛ ቁጥር ብሎኬቱ ይከብዳል፣ ሙቀትም ያሳልፋል።

ጭዱ የስንዴ ወይም የገብስ ይሁን፤ አገዳቸው ክፍት ስለሆነ አየር ይይዛል። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ ተጠቅጥቆ ይቀራል፤ እሱ ለምርጊት ይሻላል። በበሬ ከተወቃው ይልቅ የኮምባይነሩ ረጅም ስለሆነ ይመረጣል። ድርቆሽ ቅጠልና ዘር ስላለው ይሻግታል፣ አይጠቀሙበት። ጥሩ ጭድ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ የሻጋታ ሽታ የለውም።

ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ኪሎ ጭድና 20 ኪሎ ደረቅ አፈር ይበቃል። 4 በ5 ሜትር ለሆነ ክፍል 200 ኪሎ ጭድና 400 ኪሎ አፈር ማለት ነው። የሚያጣብቅ ቀይ አፈር ተመራጭ ነው። በበርሜል ውሃ ለ2 ቀን ተዘፍዝፎ በደንብ ይማሰላል፣ ጠጠሩም በወንፊት ይለያል። ውፍረቱን ለማወቅ እጅዎን ነክረው ያውጡ። የመዳፍዎ መስመሮች ተሸፍነው ከጣትዎ ቀስ እያለ ከወረደ ደርሷል። መስመሮቹ ከታዩ አፈር፣ ጓል ሆኖ ከያዘ ውሃ ይጨመራል።

ጭዱን ሸራ ላይ ዘርግተው ጭቃውን እያፈሰሱ በመንሽ ያገላብጡ። የምርጊት ጭቃ እንደሚቦካው በእግር መርገጥ እዚህ አይሠራም፤ አገዳው ይሰባበራል፣ አየሩም ይወጣል። እያንዳንዱ አገዳ ቀለም ይያዝ እንጂ ከሥሩ ጭቃ አይቋጥር። ሸፍነው ካሳደሩት ጭዱ ይለሰልሳል።

በማግስቱ 50 በ25 በ10 ሳንቲ ሜትር በሆነ የእንጨት ቅርጽ ይሞላል። ጠርዙና ማዕዘኑ በደንብ ይጠቀጠቃል፣ መሃሉ በእጅ ጫን ብቻ ይደረጋል። ቅርጹ ወዲያው ይነሣል። ብሎኬቱ መሬት ላይ ሳይሆን ከሥሩ አየር በሚያሳልፍ ቆጥ ላይ፣ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ ይቀመጥና በየ2 ቀኑ ይገለበጣል።

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ በሚደረግ ጥድፊያ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ በክረምት ባይጀመር ይሻላል። በመጀመሪያው ሳምንት ቡቃያ ብቅ ቢል አያስጋም፣ ሲደርቅ ይሞታል። ነጭ ወይም ጥቁር ሻጋታ ግን አየር ማጣቱን ያሳያል፤ አራርቀው ይደርድሩ። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል፣ ምልክት ያደረጉበትን አንድ ብሎኬት በየ3 ቀኑ ይመዝኑ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። የደረቀው ወደ 4 ኪሎ ሊመዝን ይገባል፤ 5 ኪሎ ካለፈ ጭቃው በዝቷልና የሚቀጥለውን ያቅጥኑ።

ክብደቱ በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ቺፑድ ላይ በቀጥታ አይጫንም። ለ4 ሜትር ስፋት 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ የባሕር ዛፍ እንጨት በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ይጋደማል፤ በላዩ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ማገር ይመታል፤ ብሎኬቱ እዚያ ላይ ያርፋል። ቺፑዱ ከሥር ለብቻው ይመታል። በብሎኬቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት በዚያው ድብልቅ ይደፈናል፤ አንዲት የጣት ስንጥቅ ብዙ ሙቀት ታሳልፋለች።

በብሎኬቱና በቆርቆሮው መካከል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ። የክፍተቱን ሁለት ጫፍ ወንፊት ሽቦ አልብሰው ለንፋስ ይክፈቱት፤ ግለቱም እርጥበቱም በዚያ ይወጣል። የጣሪያ ፍሳሽ ፈርተው ላስቲክ አያልብሱት፤ ከታች የሚወጣው እንፋሎት ላስቲኩ ሥር ታግቶ ጭዱን ያበሰብሰዋል። ፍሳሹ የሚጠገነው ከመደርደሩ በፊት፣ የሚስማሩ ቀዳዳ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ይለፍ፣ መቀጠያውም ብሎኬት ሥር አይቀበር። ከጭስ ማውጫ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

ሰኔ ላይ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ጥቂት ብሎኬቶችን፣ በተለይ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ በሚደራረብበት አቅጣጫ ያሉትን፣ አንሥተው ይዳስሱ። የራሰውን አውጥተው ያድርቁ፣ ከበላዩ ያለውን ቆርቆሮ ጠግነው ይመልሱት።