ብዙ ጥሬ ገንዘብ ስትይዙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ቤት ወይም መኪና ሲሸጥ፣ ገበያ ሲደራ ብዙ ጥሬ ገንዘብ እጅ ይገባል። ሰው ታዲያ መጀመሪያ የሚፈራው ሌባን ነው። ሌባውን የሚጠራውን የገዛ አፉን ግን ይረሳዋል።

ትልቁ ስህተት ወሬ ነው። ባንክ በር ላይ ቆሞ በስልክ «አወጣሁት፣ አሁን እየመጣሁ ነው» የሚል ሰው ስንቴ አይታችኋል? አጠገቡ የቆመው ሁሉ ሰማ። ቤት ውስጥም ገንዘቡ ያለበትን ማወቅ ያለበት አንድ የሚታመን ሰው ነው። ከማንም መደበቅም አይበጅም፤ ባለቤቱ ድንገት ቢሞት ገንዘቡ ከአሮጌ ፍራሽ ጋር ሊጣል ይችላል።

ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ገንዘብ ማመላለስም ሳይናገሩ መናገር ነው።

ሌላው፣ ትንሽ ካዝና ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ መዘናጋት። አንድ ሰው ተሸክሞት መውጣት ከቻለ ያ ሻንጣ እንጂ ካዝና አይደለም። ከወለል ወይም ከግድግዳ ጋር በብሎን ይታሰር። ሌባ የማይከፍተው ካዝና እሳት ይችላል ማለትም አይደለም። ለወረቀት የተሠራ እሳት መከላከያ ካዝና በተለመደው መስፈርት ውስጡ ከ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ተደርጎ ይፈተናል፤ እሱም ለተወሰነ ጊዜ ነው፣ ለምሳሌ ለ1 ሰዓት። በዚያ ላይ እሳት የሚከላከለው ሽፋን ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ ውስጡ ይታፈናል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ጣል አድርጉበት፤ አልፎ አልፎም ክፈቱት።

ምክንያቱም ብዙዎቹ ኖቶች ከጥጥ የተሠሩ ናቸው፤ እርጥበት ይጠጣሉ፣ ይሻግታሉ። በፌስታል ጠቅልሎ መሬት መቅበር ለሻጋታ አሳልፎ መስጠት ነው። በላስቲክ ማሰርም ይቅር፤ ሲቆይ ይደርቅና ኖቱ ላይ ይጣበቃል። በወረቀት እሰሩ። የተቃጠለ ወይም የተጣበቀ እስር ቢገጥማችሁ በጥፍር አትለያዩት። እንዳለ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ባንክ ውሰዱት፤ ብዙ ማዕከላዊ ባንኮች ከግማሽ በላይ የተረፈ ኖት ይቀይራሉ።

ቆጠራ ላይ ደግሞ ይሉኝታ ይጎዳል። «አምንሃለሁ» ተብሎ ሳይቆጠር የተወሰደ እስር መሃሉ ላይ አነስተኛ ኖት ወይም ሐሰተኛ ሊኖረው ይችላል፤ ላዩና ታቹ ግን ያምራል። ከመስኮቱ ሳትርቁ ቁጠሩ፤ ከወጣችሁ በኋላ «ጎደለኝ» ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ማሽንም ቅጠሉን ይቆጥር እንጂ ሁሉም ማሽን የተቀላቀለ ኖት አይለይም። አንዱ ይቁጠር፣ ሌላው ይድገም፣ ድምሩ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። መሃል ላይ ስልክ ከጠራ? ከአንድ ጀምሩ።

ባንክ ብዙ ጥያቄ እንዳይጠይቅ ብሎ ገንዘቡን ከፋፍሎ ማስገባትም አለ። አሜሪካ ውስጥ ባንክ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህን ለማምለጥ መከፋፈል፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የገንዘቡን ምንጭ የሚያሳይ ውል ይዞ መሄድ ይሻላል።

የመጨረሻው፣ ለዓመታት ቤት ማቆየት። የዋጋ ንረት ቀስ እያለ ይበላዋል። አዋጅ ደግሞ በአንድ ሌሊት። ሕንድ እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2016 ምሽት ላይ የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶች ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ መገበያያ አይሆኑም ስትል፣ ቤቱ ያከማቸ ሁሉ ባንክ ደጃፍ ተሰለፈ። ለአስቸኳይ ወጪ የሚበቃውን አስቀሩና ሌላውን ባንክ አስገቡ፤ የተቀማጭ ዋስትና (ባንኩ ቢከስር ገንዘባችሁን የሚተካ) ካለም ጣሪያው ስንት እንደሆነ ጠይቁ።