በሞተር ከረንት ፊልተር ላይ የተነሳ የፓተንት ክርክር እንዴት ይነበባል?

የመኪና መስኮት ሞተርን እንውሰድ። መስታወቱ ሲዘጋ የልጅ እጅ ቢገባበት ሞተሩ ይታገላል፣ የሚስበው ከረንትም ይጨምራል። መቆጣጠሪያው ይህን አይቶ መስታወቱን ይመልሰዋል። በአሜሪካ ደንብ ራሱን የሚዘጋ መስኮት ጉልበቱ 100 ኒውተን ሳይደርስ መመለስ አለበት። ግን ከረንቱ እጅ ባይኖርም ይዘላል፤ ለሞተሩ ከረንት የሚያስተላልፈው ካርቦን ሲፈነጥቅ፣ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ። ፊልተር ያስፈለገው ለዚህ ነው። ብዙ ካጣራ ደግሞ ይዘገያል፣ ጣት ይጎዳል። እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው ኩባንያዎች የሚካሰሱት።

የአሜሪካ ፓተንት ስታነቡ ሥዕሉን እለፉት። ሥዕል አይቶ "ያው ሰርኪት ነው" ብሎ መፍረድ ትልቁ ስህተት ነው። ወደ መጨረሻው ሂዱና ባለመብቱ "የእኔ ነው" ያለበትን ቁጥር 1 አንቀጽ ፈልጉ።

ከዚያ ቆራርጡት። ለምሳሌ ከረንት የሚለካ ሴንሰር፣ የካርቦን ረብሻን የሚያጣራ ፊልተር፣ ውጤቱን ከገደብ ጋር የሚያወዳድር መቆጣጠሪያ ይል ይሆናል። የተከሰሰው ዕቃ ውስጥ ሦስቱም፣ ወይም አቻቸው፣ መገኘት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ያ አንቀጽ አልተጣሰም።

ዋናው ፍልሚያ ግን ቃል ላይ ነው። "ፊልተር" ማለት ሬዚስተርና ካፓሲተር ብቻ ነው ወይስ አማካይ የሚያወጣ ሶፍትዌርም ይገባበታል? ከ1996ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማርክማን ውሳኔ ወዲህ ይህን የሚወስነው ዳኛው እንጂ ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) አይደለም፤ የ2005ቱ የፊሊፕስ ውሳኔ ደግሞ ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ለፓተንቱ ጽሑፍና ለምርመራ መዝገቡ፣ ማለትም ፈቃዱ ሲጠየቅ አመልካቹና ቢሮው ለተጻጻፉት፣ ክብደት ሰጥቷል። መዝገቡን በነፃ ከፓተንት ቢሮው ድረ ገጽ አውርዱና በደንብ አንብቡት፣ ምክንያቱም ባለመብቱ ፈቃዱን ለማግኘት ሲል "የእኔ ተራ አማካይ ማውጣት አይደለም" ብሎ በግልጽ ከጻፈ፣ ኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ አማካይ የሚያወጣን ሶፍትዌር "የእኔ ነው" ማለት አይችልም። እኔ ብዙ ጊዜዬን የማጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የቀደመ ሥራ፣ ማለትም ከፓተንቱ በፊት የታወቀ ተመሳሳይ ነገር፣ ፈልጉ። የ2007ቱ የኬኤስአር ውሳኔ፣ እሱም በመኪና ፔዳል ላይ የተነሳ ክርክር ነበር፣ የታወቁ ነገሮችን አገጣጥሞ የሚጠበቅ ውጤት ማግኘት ለፓተንት እንደማይበቃ ያሳያል። የተከሰሰ ወገን ፓተንቱን በቢሮው በኩል "ኢንተር ፓርቴስ ሪቪው" በሚባለው የሁለት ወገን ክርክር ለማሰረዝ ካሰበ፣ ክሱ በደረሰው በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት።

ዕድሜውንም እዩ። ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ በመደበኛው 20 ዓመት ነው፤ ፓተንቱን ለማቆየት ለቢሮው በየጊዜው የሚገባው ክፍያ ካልተከፈለ ቀድሞ ይሞታል። ጊዜው አልፏል ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ ባለመብቱ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ባሉት 6 ዓመታት፣ ፓተንቱ በሕይወት ሳለ ለደረሰበት ጥሰት ካሳ መጠየቅ ይችላል።