«ጅማት ይጠግናል» የሚባለው መርፌ፦ ከመወጋታችሁ በፊት የምትጠይቁት

ሱሉልታ ላይ ፋርማሲ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የጅማትና የጉልበት ጥያቄ ብርቅ አይደለም። ጠዋት ሯጮች ይመጣሉ፣ ከሰዓት ደግሞ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው እናቶች። ሰሞኑን ግን ስልክ አውጥቶ «ጅማት ይጠግናል» የሚል የመርፌ ቪዲዮ እያሳየ «ይሄ ፔፕታይድ የሚሉት አለ?» የሚለኝ በዝቷል። የማውቀውን እዚሁ ልጻፈው።

ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሲረዝም ፕሮቲን እንለዋለን። ሰውነታችን ራሱ ብዙ ዓይነት ፔፕታይድ ያመርታል፤ አንዱ የሰውነት ክፍል ለሌላው ትእዛዝ የሚያስተላልፈው በእነሱ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ነው፤ ለሰው መሰጠት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ወላድ ደም እንዳይፈሳት ጤና ጣቢያ የሚሰጣት ኦክሲቶሲን ደግሞ 9 ብቻ አለው። ስለዚህ «ፔፕታይድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። መጀመሪያ «የትኛው?» በሉ። ስሙን በትክክል ሊነግራችሁ ያልቻለ ሰው መርፌም ሊወጋችሁ አይገባም።

ስሙን ካወቃችሁ ቀጥሎ «በሰው ላይ ተሞክሯል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ቴሪፓራታይድ የሚባለውን ፔፕታይድ ለምሳሌ እንይ። በየቀኑ ከቆዳ ሥር የሚወጋ፣ የሳሳ አጥንት እንደገና እንዲገነባ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። የአጥንት መሳሳት ባለባቸው 1,637 ሴቶች ላይ ተሞክሮ አዲስ የአከርካሪ ስብራትን በ65 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ አሜሪካ ውስጥም በ2002 ጸድቋል። የተጎዳን አካል መልሶ በመገንባት ሕክምና ውስጥ ፔፕታይድ በእርግጥ ቦታ አለው የምለው ይህን ይዤ ነው።

ቪዲዮው ላይ የምታዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢፒሲ-157 ነው። 15 አሚኖ አሲድ አለው። የአይጥ ጅማት ላይ ጥሩ ውጤት አሳይቷል፣ ይህን አልክድም። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ጥቂትና በጣም ትንንሽ ጥናት ነው፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም አላጸደቀውም። ደግሞ እንስሳት ላይ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ያግዛል፤ የካንሰር ዕጢም ለማደግ የደም ሥር ይፈልጋል። በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል የሚል ማረጋገጫ የለም፣ አያመጣም የሚል የረጅም ጊዜ ጥናትም የለም። እኔ ለእህቴ አልሰጥም።

ብልቃጡን ራሱን ተቀብላችሁ አንብቡት፣ አታፍሩ። ከጣት የማይበልጥ ነው፤ ውስጡ ከታች የተጣበቀ ነጭ ዱቄት አለው፣ ከላይ የጎማ ክዳን። በደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ለምርምር ብቻ፣ ለሰው የማይሆን» የሚል ካለበት ነገሩ እዚያው አለቀ፤ አስረክቡና ውጡ። እንዲህ ያለው ዕቃ እንደ መድኃኒት ስላልተመረተ ንጽሕናውንም፣ መጠኑንም፣ ውስጡ ያለው የተጻፈው መሆኑንም የሚያረጋግጥላችሁ የለም። መድኃኒት ነው ከተባላችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦት እንደሆነ፣ አምራቹን፣ የመለያ ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። የት ተቀምጦ እንደነበረም ጠይቁ። ብዙዎቹ ፔፕታይዶች ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፤ መብራት ግማሽ ቀን በሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የኮላጅን ዱቄት ሌላ ነገር ነው፤ በትንንሹ ተሰባብሮ በአፍ የሚወሰድ ፕሮቲን ስለሆነ ከመርፌው ጋር አታምታቱት።

ሯጮች፣ እባካችሁ ይህን ደግማችሁ አንብቡ። ቢፒሲ-157 ከ2022 ጀምሮ በዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ ዝርዝር ላይ በስሙ ታግዷል። ቲቢ-500 የሚባለው ሌላ ፔፕታይድም፣ የእድገት ሆርሞን እንዲመነጭ የሚገፋፉት እነ አይፓሞሬሊንም የተከለከሉ ናቸው። «ወጌሻው ነው የሰጠኝ» ወይም «ቫይታሚን ነው ብለውኝ ነው» ማለት አያድንም፤ ሰውነታችሁ ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ፣ እገዳውም እስከ 4 ዓመት ይደርሳል። በጠዋት ብርድ እየተነሳ እንጦጦ ላይ ዓመታት የለፋ ልጅ በአንድ ብልቃጥ ሲቀር ማየት ያሳዝናል። ከመወጋታችሁ በፊት ስሙን ለኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን አሳዩ።

ታዲያ ጅማቱ ምን ይሁን? የተረከዝ ጅማት ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይየው። ካልተበጠሰ በጣም የታወቀው ዘዴ ገንዘብ አያስወጣም። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶች መቆም፣ ከዚያ የታመመውን ተረከዝ ቀስ እያደረጉ ወደ ታች ማውረድ፣ ለመመለስ በደህናው እግር መነሳት። 15 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። አንዴ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ፣ አንዴ ሸብረክ አድርጎ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን በሰው ላይ ታይቶ የሠራ ነው።

ቀድማችሁ የተወጋችሁ ካላችሁ አትደንግጡ፣ አትደብቁ። የተወጋው ቦታ ካበጠና ካተኮሰ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሂዱ። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ደቂቃ አትጠብቁ። ብልቃጡን አትጣሉት፤ ይዛችሁት ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩ። ከዚያ ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ነጻ ስልክ 8482 ደውላችሁ ከየት እንደገዛችሁት ተናገሩ።