ከዋሽንግተን ተመልሼ የጠፋብኝን እንቅልፍ ያስተካከልኩበት መንገድ

ስድስት ዓመት ከኖርኩበት ዋሽንግተን ዲሲ በጥቅምት መጀመሪያ አዲስ አበባ ወደ እናቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዘመድ «እንኳን ደህና ገባህ» ሊለኝ ሲመጣ ዓይኔን መግለጥ ያቅተኝ ነበር፤ ይህም እጅግ አሳዘነኝ።

በመጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ከሚፈላው ቡና አቦሉን ብቻ ጠጥቼ ቶናውንና በረካውን ተውኩ፤ ለውጥ አላመጣም። ቀጥሎ ብዙዎች እንደመከሩኝ ከጠዋቱ 12:30 ጀምሮ ፀሐይ መሞቅ ያዝኩ፤ ይባስ ብሎ እንቅልፌ ወደ ንጋት ገፋ።

ምክንያቱ የተገለጠልኝ ሰዓቱን በወረቀት ሳሰላ ነው። በዚያ ወቅት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ጠዋት 12:30 ለሰውነቴ ገና ከምሽቱ 5:30 ነበር። የሰውነት ሙቀት እጅግ ዝቅ ከሚልበት ሰዓት፣ ይኸውም ከለመድነው መንቂያ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ካለው ጊዜ በፊት የምናገኘው ብርሃን፣ የውስጥ ሰዓታችንን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ እንቅልፋችንም ይዘገያል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ወደ ፊት ያመጣዋል፣ እንቅልፋችንም ቀደም ብሎ ይመጣል።

ስለዚህ ለሰውነቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስኪሆን፣ ማለትም እስከ ቀኑ 6 ሰዓት፣ መጋረጃውን ዘግቼ ቆየሁ፤ መውጣት ግድ ሲሆንብኝም ጥቁር መነጽር አደረግኩ። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ግን ከማድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ፀሐዩ ላይ፣ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ፤ መውጫዬንም በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል አስቀደምኩ። እናቴም ቡናውን ወደ ረፋድ አዛወረችልኝ። በሰባተኛው ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቼ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ።

ከዱባይ ወይም ከሪያድ ለሚመለስ ሰው የሰዓቱ ልዩነት ከአንድ ሰዓት ስለማይበልጥ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።