ደሴ ላይ የድራማ ስቱዲዮ ለምትከፍቱ፦ ከካሜራው በፊት ጣሪያው

ስቱዲዮ የሚከፍቱ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ገንዘባቸውን የሚጨርሱት ካሜራ ላይ ነው። ደሴ ላይ ግን ሥራ የሚያበላሸው ጣሪያው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ንግግሩ ይዋጣል። በኤዲቲንግ ላጽዳው ብትሉ ሁለቱ ድምፆች አብረው ስለተቀረጹ ንግግሩም ይጎዳል።

ስለዚህ ከተቻለ የፎቅ ቤት ምድር ቤት ተከራዩ፤ 5 በ6 ሜትር የሆነ ክፍል ለመነሻ ይበቃል። ከላይ ያለው የሲሚንቶ ወለል ዝናቡን ይከላከላል፣ የላይኛው ተከራይ ኮቴ ግን ይሰማል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቀንም ማታም ገብታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ አዳምጡ። ያገኛችሁት የቆርቆሮ ቤት ብቻ ከሆነ ቀረጻውን ጠዋት ጨርሱ፤ የክረምቱ ዝናብ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ባዶ ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልስ ንግግሩ በርሜል ውስጥ የተነገረ ይመስላል። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ስፖንጅ አያስፈልግም። ወፍራም የበግ ጠጉር ባና ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ስቀሉ፤ ከኋላው ክፍተት ሲኖር ይበልጥ ይሠራል። ባና የሚያጠፋው ማሚቶን ነው፤ ከውጭ የሚገባ የባጃጅ ድምፅ አያስቆምም። ሁለቱን የሚያምታታ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

የደረት ማይክ ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ላይ ይሰካ። የነጠላ ጠርዝ ከነካው በየንቅናቄው ይንኮሻኮሻል፣ ስለዚህ ነጠላውን ካጣፉ በኋላ ሰክታችሁ ተዋናይዋን አንድ ጊዜ አስነስታችሁ አስቀምጧት። በመቅረጫው መለኪያ ላይ የድምፁ ከፍታ ከ−12 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተከታተሉ። ከእያንዳንዱ ትዕይንት በኋላ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅረጹ፤ በኤዲቲንግ የተቆረጠው ቦታ የሚሸፈነው በእሱ ነው።

ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ከዚህ ውጭ አንዳንድ አምፖሎች ምስሉ ላይ ይርገበገባሉ። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትሉ አየሩ ይሞቃል፣ የቀዘቀዘው ሌንስም ጤዛ ይቋጥራል። ቦርሳውን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ አንድ ካሜራ በሰዓት 22.5 ጊጋባይት ይሞላል። ሦስት ካሜራ አራት ሰዓት ሲሠራ 270 ይሆናል። በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጣችሁ፣ ሁለቱም መከፈታቸውን ሳታዩ በካሜራው ካርድ ላይ ያለውን አታጥፉ፤ አንዱ ዲስክ ሌላ ቤት ይደር።

ይህ ጥንቃቄ የንግዱ መሠረት ነው። በሆሊውድ ባልና ሚስት ተዋናዮቹ ሉሲል ቦልና ዴሲ አርናዝ የመሠረቱት ዴሲሉ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ አስቂኝ ድራማውን በቀጥታ ከማስተላለፍ ይልቅ በሦስት ካሜራ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀረጸ፣ የፊልሙንም ባለቤትነት ለራሱ አስቀረ። ሥራው ደጋግሞ ሊታይና ሊሸጥ የቻለው በዚህ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ፕሮግራም አንዴ ከተላለፈ በኋላ ለመሸጥ የሚበቃ ጥራት ያለው ቅጂ አይቀረውም ነበር።

እናንተም ከደራሲ፣ ከተዋናይና ከሙዚቀኛ ጋር ከቀረጻው በፊት በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብት ሲተላለፍ ጽሑፍ ይጠይቃል። ዩቲዩብ፣ ቴሌቪዥንና ድጋሚ ሽያጭ ለየብቻ ይጻፉ። ሙዚቃ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፦ የአምባሰል ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ አንድ ድምፃዊ በአምባሰል ዘፍኖ ያስቀረጸው ሥራ ግን ባለመብት አለው። መንዙማም እንዲሁ። ፈቃዱ ኤዲቲንግ ከመጀመሩ በፊት እጃችሁ ይግባ፤ በሙዚቃው ልክ የተቆረጠ ትዕይንት ሙዚቃው ሲነሳ እንደገና መቆረጥ አለበት።