ሜክሲኮ ብለን ታኮ መሐል ስንገኝ፦ በሃሽታግ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የሴቶች ልብስ ትሸጣለች። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛዋ ደጅ ትጠብቃለች። ገበያዋ ግን ከስልክ ነው የሚመጣው። ባለፈው ሰሞን «ሃሽታግ እየጻፍኩ ሰው አይመጣም፤ እስቲ እየው» አለችኝ። አየሁት። ከቀሚሱ ፎቶ ሥር በእንግሊዝኛ ፊደል ሜክሲኮ የሚል ሃሽታግ (ፊቱ # ያለበት፣ ሲነኩት ያንኑ ቃል የያዙ ፖስቶችን የሚያመጣ ቃል) አለ። ስነካው ታኮ መጣ፣ የባሕር ዳርቻ መጣ፣ የእግር ኳስ ማሊያ መጣ። ቀሚሷን ፈልገን አጣናት።

ገብቶ ሳያዩ መጻፍ

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። የቴክኖሎጂ ባለሙያው ክሪስ ሜሲና በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሃሽታግን ለትዊተር ሲያቀርብ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ሰዎች አንድ ቦታ ይገናኙ። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ሃሽታጉን ነካ አድርገው ማን እንዳለበት ይዩ። እኛ በግዕዝ ፊደል #ሜክሲኮ_አደባባይ አልነው። ቢያንስ የሚያነበው ሰው አማርኛ ያውቃል። (አደባባዩ በዚህ ስም የተጠራው ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም በማለቷ ነው። ሜክሲኮ ሲቲም «ኢትዮጵያ» የሚባል የባቡር ጣቢያ አላት። የጣቢያውን ስም የሚለጥፍ የዚያ ሰውም አንዳንዴ እንጀራ መሐል ሳይገባ አይቀርም።)

ቃላትን ዝም ብሎ መለጠቅ

ሃሽታግ ክፍት ቦታ አይወድም፤ ቃሉ ያለቀበት ላይ ይቆረጣል። እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ቃላቱን በትልልቅ ፊደል ይለያሉ። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። የአክስቴ ልጅ #የቅናሽአልባሳት ብላ ጽፋ ነበር። ቶሎ ቶሎ ለሚያነብ ሰው «የቅናሽ አልባ» ይላል። ቅናሽ ልታውጅ ወጥታ ቅናሽ የለም አለች! መፍትሔው ከታች የምትሰመረው ጭረት ናት፦ #የቅናሽ_አልባሳት።

አንድ ሆሄ ብቻ ማመን

ይሄኛው ብዙም አይወራም፤ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው። እኛ ስናነብ ዓድዋም አድዋም ዐድዋም አንድ ነው። ለስልኩ ግን ሦስት የተለያየ ቃል ነው። የካቲት 23 ሲደርስ ስለ አንድ ድል የሚያወራው ሰው ሦስት ክፍል ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም። በዓልና በአልም እንደዚያው። ትክክለኛውን ሆሄ መጻፍ ጥሩ ነው፤ እኔም እሱን እወዳለሁ። ነገር ግን ሰዉ የተሰበሰበው ሌላኛው ላይ ከሆነ ሁለቱንም ይጻፉ። በሃሽታግ ላይ የሆሄ ክርክር መክፈት ገበያ አያመጣም።

ትሬንድ ስላየን ብቻ መግባት

እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። በዚያ ቀን የአሜሪካኖቹ ትሬንድ (በሰዓቱ ብዙ ሰው የሚያወራበት ጉዳይ) በ2001 እ.ኤ.አ. በደረሰው ጥቃት ያለቁትን ሰዎች ማስታወሻ ነው። አስቡት፤ ቀኑ ትሬንድ ላይ ወጥቷል ተብሎ አደይ አበባ የያዘች ልጅ ፎቶና «የበዓል ቅናሽ» እዚያ ሐዘን መሐል ሲገባ። ለቅሶ ቤት እልል እያሉ እንደመግባት ነው። ትልልቆቹም ይሳሳታሉ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ፒዛ አምራች በትዳር ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ታሪካቸውን የሚናገሩበትን ሃሽታግ ሳያነብ ለፒዛ ቀልድ ተጠቀመበት። ወዲያው አጠፋው፣ ይቅርታም ጠየቀ። ከመግባትዎ በፊት አምስት ስድስት ፖስት ያንብቡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አገሩ ሁሉ የሚያወራው ይመስለናል

እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ። ከሜክሲኮ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ትሬንድ ላይ ስላየሁት ጭቅጭቅ ጎኔ ለተቀመጠው ልጅ ባወራው «የቱ?» አለኝ። ከፊት ያሉትም አልሰሙም። ረዳቱ ብቻ «ሒሳብ» አለ። ለካ ዝርዝሩ የሚወጣው ያለንበትን ቦታና የምንከተላቸውን ሰዎች እያየ ነው። የኔ ትሬንድ የኔ ሰፈር ወሬ ነበር።

ሃሽታግ ስለማብዛት ብዙ አልልም። ኢንስታግራም ለዓመታት እስከ 30 ይፈቅድ ነበር። ስለተፈቀደ ግን አይሞላም፤ ሦስት አራት የሚመለከትዎት ይበቃል።

ሃሽታጎቹን ካስተካከልን በኋላ አንዲት ሴት ደወለች። «#ሜክሲኮ_አደባባይ ላይ አይቼው ነው፤ ሕንፃው ሥር ነኝ። ስንተኛ ፎቅ ነው?» ፖስቱን ከፍተን አየነው። ፎቁን አልጻፍንም። ዋጋውም «በውስጥ መስመር» ይላል። የአክስቴ ልጅ ልትቀበላት ደረጃውን ሮጣ ወረደች፤ ሊፍቱ አይሠራም።