የኤንጂኦ ፕሮጀክት ማናጀር ኢንተርቪው ላይ ምን ይጠብቃችኋል?

ኮንስትራክሽንና ሶፍትዌር ላይም ፕሮጀክት ማናጀር የሚባል ስራ አለ። እኔ የማወራው ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ ወረዳ ላይ ስለሚሰራ የኤንጂኦ ፕሮጀክት ነው፤ ጥያቄው ይለያል።

ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ፈተና ይቀድማል። የአንድ ፕሮጀክት ማጠቃለያ ይሰጧችሁና ሎግ ፍሬም (የፕሮጀክቱን ግብ፣ ውጤትና መለኪያ የሚያሳይ ሰንጠረዥ) አውጡ ይላሉ፣ ወይም በኤክሴል የተሰራ በጀት ከፍተው ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ አሳዩን ይላሉ። ሰው የሚወድቀው በእውቀት ሳይሆን በሰዓት ነው። አንዱን ጥያቄ አሳምሮ ሌላውን ባዶ ከመተው ሁሉንም መነካካት ይሻላል። አውትፑትና አውትካም እንዳይደበላለቁባችሁ፤ የሰለጠኑ ገበሬዎች ቁጥር አውትፑት ነው፣ የምርታቸው መጨመር አውትካም።

ካለፋችሁ ፓናል ፊት ትቀርባላችሁ። ከኤች አር፣ ከፕሮግራምና ከፋይናንስ የተውጣጡ ሶስት አራት ሰዎች ናቸው፣ አንዳንዴ በዙም የሚገባም አለ። በተለይ የውጭ ድርጅት ከሆነ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ አይነት ጥያቄ እያነበቡ ነጥብ ስለሚሞሉ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ፣ ፈገግታ የለም፣ አስተያየት የለም። አትደንግጡ፣ ጠልተዋችሁ አይደለም።

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ፕሮጀክት የተበላሸበት ወይም የዘገየበት ጊዜ ንገሩን። «ከቡድኑ ጋር ተወያይተን ፈታነው» ብሎ መልስ የለም። ትህትና ደግ ነው፣ ግን ፓናሉ እናንተ ራሳችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ካልሰማ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር አያገኝም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ማለፉን ታስታውሳላችሁ። ያኔ በዶላር የሚመጣ በጀት ስትመሩ ከነበር እሱ ወርቅ ምሳሌ ነው። መልሱ እንዲህ ይሁን፦ የቀሩትን ኮንትራቶች አወጣሁ፣ ከፋይናንስ ጋር በብር እንደገና አሰላን፣ ዋጋ ይስተካከልልኝ ያለውን የጉድጓድ ቆፋሪ በዚህ ምክንያት በዚህ ያህል ተቀበልኩት፣ ለተረፈው ብር ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ለዶነሩ (ለገንዘብ ሰጪው) የበጀት ማሻሻያ ጻፍኩ፣ ይሄን ያህል የውሃ ነጥብ ተጨመረ። ቁጥርና ቅደም ተከተል ካለው ሌላ ማስዋቢያ አያስፈልገውም።

ፋይናንሱ በበኩሉ ስለ በጀት አጠቃቀም ይጠይቃል። የዓመቱ በጀት ስድስተኛው ወር ላይ 20 በመቶ ብቻ ወጪ ሆኖ ቢገኝ ምን ታደርጋላችሁ? በአዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለውንም እወቁ።

ከዚያ የወረዳ ጥያቄ አለ። የፕሮጀክቱን ስምምነት የፈረመው የወረዳ ኃላፊ ተቀይሯል፣ አዲሱ አላውቀውም ይላል። ወዲያው ለክልል አቤት እላለሁ ካላችሁ አበቃ፣ ከወረዳው ጋር ገና ዓመታት የምትሰሩ ናችሁ። የተፈረመውን ሰነድ ይዞ ቢሮው ድረስ መሄድ፣ ማስተዋወቅ፣ አንድ ቀን ሳይት ይዞ መውጣት ይቀድማል። ከድርጅቱ መመሪያ በላይ የሆነ አበል ቢጠየቅስ? ስብከት አትጀምሩ። መመሪያው የሚፈቅደውን እከፍላለሁ፣ ሌላውን በአክብሮት እመልሳለሁ፣ ለአለቃዬም አሳውቃለሁ በሉ፣ ይበቃል።

ሴፍጋርዲንግም (ተጠቃሚዎችን ከሰራተኛ ጥቃት መጠበቅ) አይቀርም። የፕሮጀክቱ ሰራተኛ በተጠቃሚዋ ላይ ጾታዊ ጥቃት አደረሰ ቢባል፣ ራሴ አጣራለሁ አትበሉ። በተዘረጋው መንገድ ወዲያው ሪፖርት ይደረጋል።

ፒኤምፒ የሚባለው የፕሮጀክት ማናጀር ሰርተፍኬት ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ከሌላችሁ አትጨነቁ፣ ማስታወቂያው ግዴታ ካላለ።

ደሞዝ ሲጠይቁ ግሮስ (ሳይቆረጥ) ይሁን ኔት (ተቆርጦ እጅ የሚገባው) ለዩ። የገቢ ግብርም 7 በመቶ ጡረታም ሲነሳ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የሙከራ ጊዜ በህጉ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም።

መጨረሻ ላይ ጥያቄ አላችሁ ወይ ሲሉ «የለኝም» አትበሉ። በ2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ኮንትራቱ ሳያልቅ ቤቱ የገባው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ዶነሩ ማን ነው፣ ገንዘቡ ተፈርሞበታል ወይስ ገና ፕሮፖዛል ላይ ነው፣ ስምምነቱ በየትኛው ወር ያበቃል ብላችሁ ጠይቁ።